ፉርሽካ

ሦስት ዓመት ሙሉ «ተው» ስትለኝ የኖረች
ሲስተር ጦይባ ዛሬ «ጨምር» ብላ ጻፈች።

መጀመሪያ ስኳር፣ ቀጥሎ ጨው ሄደ፣
ቅቤው ተከትሎት ከቤት ተሰደደ፤
ማር ከነማሰሮው፣ ጮማ ከነቢላው፣
አንድ ባንድ ተሸኝቶ ባዶ ቀረ ጓዳው።
የቦሩ ሜዳው ሐኪም ወረቀት አወጣ፤
መግቢያው «አትብላ» ነው፣ መዝጊያው «አትጠጣ»፣
መሃሉ ላይ እኔ፣ የደረቀ ቂጣ።
ዘሀራ ሁለት ድስት ትጥዳለች፣ አንዱ የልጆች፣ አንዱ የኔ፤
የነሱ ቤቱን ያውዳል፣ የኔው ይፈላል በዝምታ ከጎኔ።

ሆዴም አኮረፈ።
ሲቀንሱበት ጊዜ እሱም ቀነሰና
አራት ቀን፣ አምስት ቀን በሩን ዘግቶ ጸና።
ለሚስት አይነገር፣ ለጓደኛ ያሳፍራል፤
ሽንት ቤት ቁጢጥ እንዳሉ ስንት ጀንበር ያልቃል!

«አሰር ያንስሃል» አለች። እኔ የሰማሁት
«እስር» ነው፤ ሁለቱን እጄን ዘረጋሁት።
ሳቀች። «ጋሽ ሙህዬ፣ አሰር ማለት ቆዳው፣
የባቄላው ልጣጭ፣ የጎመኑ አገዳው፣
ስንዴው ሲነፋ ወንፊት ላይ የሚቀረው፣
ፉርሽካው፣ ያ እንኳ ከብቱ የሚወደው።»

ፉርሽካ!
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ሰኞ ገበያ ማዶ፣
ወፍጮዬ ጦሳን ሲቀሰቅስ ማልዶ፣
«ሙህዬ አንጣልኝ» ላለ ሁሉ እያነጣሁ፣
ወንፊት እያጠበብኩ፣ ነጩን እያወጣሁ፣
ቆዳውን ጠርጌ፣ በጆንያ ጠቅጥቄ
ለእንድሪስ በሬዎች ስሸጥ ኖሬ ስቄ፤
ምርጡን ለሰው ብዬ፣ ጥራጊውን ለከብት።
የበሬው ሆድ ጤና፣ የኔው ሆድ ግዞት ቤት።

እንድሪስ ጋ ወረድኩ፣ ባዶ ከረጢት ይዤ፣
እንደ ተበዳሪ ደጁ ላይ ፈዝዤ።
«በሬ ገዛህ እንዴ? አብሽር፣ ይደልባል!»
«በሬው እኔው ነኝ» አልኩት።
ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ፤
ሁለት ኪሎ ሰፍሮ ብሩን ግን አልወስድ
አለኝ። «ሂድ፣ ሂሳቡን በሬዎቹ ይዝጉ።»

ሲከለከል የኖረ ሲፈቀድለት ልኩን ያጣል፤
በማንኪያ ያለችኝን በጭልፋ አደረግሁት፣
በሾርባው፣ በተልባው፣ በበሶው በተንሁት።
ሌሊቱን ከበሮ ነበር። የቀኑ አይወራ።
ለአንዲት ዙሁር ሰላት ሦስቴ ወጣሁ ለውዱ፣
ከኋላዬ የቆሙት ሰልፍ ቀይረው ሄዱ።

ጦይባ ተቆጣች። «ውሃስ?» አለች፣ «ውሃስ?
ወፍጮህ ያለልኩ ሲጎርስ አይታነቅም? አንተስ?»

ስለዚህ በማንኪያ።
ባንዱ ሳምንት አንድ፣ በሌላው ሁለት፣
አጠገቧ ውሃ በትልቁ ብርጭቆ፣ ጧትና ሌሊት።
ያልተነፋ የገብስ ቂጣ፣ ጨው አልባ የሽንብራ ንፍሮ፣
ጎመን ከነአገዳው፤ ጥርሴ እንደ ድሮ
ሥራ አገኘ።

በአስራ አንደኛው ቀን፣ በሱብሂ ጸጥታ፣
ስሙ አሰር ሆኖ ሳለ የታሰረ ፈታ፤
ከሽንት ቤት ወጣሁ፣ ምሕረት እንዳገኘ ሰው፣ በፈገግታ።
ዘሀራ አየችኝ። ምንም አልጠየቀች፣
የጓዳውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተች።

ወረቀቱ አሁንም እዚያው ግድግዳው ላይ አለ፣
«አትብላ»ው አልጠፋም፣ ጨውም አልተመለሰ፤
ከግርጌው ብቻ፣ በጦይባ እስክሪብቶ፣ ያቺ አንዲት ቃል
በዱቄት ጣቴ ተነካክታ ነጥታለች።

ትናንት ሉባባ መጣች፣ ለልጇ ኒካህ ዳቦ፤
«አንጣልኝ» አለችኝ፣ «ጥጥ ይምሰል አቦ!»
አነጣሁላት። በሰርግ ቀን አይከራከሩም።
ጥራጊውን ግን ሁሉን ለእንድሪስ አልላክሁም፤
በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ ከዱቄቱ በላይ አኖርኩት።
«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»
«ለባልሽ ስጪው» አልኳት፤
«ማክሰኞ፣ ጦይባ ደጅ፣ ወረፋ ላይ አይቼዋለሁ።»